የኤክሴል ማክሮ ፎርም ላይ ያሉ የዝርዝር ሳጥኖች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኤክሴልን ለሱቅ፣ ለመጋዘን ወይም ለሠራተኛ መዝገብ የሚጠቀም ሰው ውሎ አድሮ ሺቱ ላይ በቀጥታ መጻፍ ይሰለቸዋል። ጸሐፊዋ ቀመሩን ትደመስሳለች፣ አንዱ «ሲሚንቶ» ሲል ሌላው «ሲምንቶ» ይላል፣ በወሩ መጨረሻ ሂሳቡ አልገጥም ይላል። ያን ጊዜ ነው በቪቢኤ (ኤክሴል ውስጥ ባለው የፕሮግራም ቋንቋ) ዩዘርፎርም፣ ማለትም መረጃ የሚሞላበት መስኮት፣ መሥራት የሚጀመረው። ፎርም ከተሠራ ደግሞ ዝርዝር የሌለበት የለም፤ ጥያቄው ሁሉ የሚመጣውም ከዝርዝሩ ነው። እኔ ይህን ሥራ የተማርኩት ለአንድ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ የሽያጭ ፎርም ስሠራ ስለሆነ፣ ምሳሌዎቼ ሚስማርና ቆርቆሮ ቢበዛባቸው አይፍረዱብኝ።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር፦ ትእዛዞቹን በሚነበቡበት ድምፅ በፊደላችን አስቀምጫቸዋለሁ። ኤዲተሩ (የኮድ መጻፊያው መስኮት) ውስጥ የሚጻፉት ግን በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ተያይዘው የተጻፉት እዚያም ያለ ክፍተት ተያይዘው ይጻፋሉ።

ሊስትቦክስና ኮምቦቦክስ ምን ይለያቸዋል?

ሊስትቦክስ ዝርዝሩን ዘርግቶ ያሳያል፣ ከአንድ በላይ መምረጥም ይፈቅዳል። ኮምቦቦክስ ታጥፎ ይቀመጣል፣ ቀስቷ ሲነካ ይወርዳል፣ አንድ ብቻ ያስመርጣል፣ ካልከለከሉት በቀር ከዝርዝሩ ውጪ መጻፍም ይፈቅዳል። ቦታ ከጠበበ ኮምቦ፣ ተጠቃሚው ብዙ ረድፍ እያየ ማወዳደር ካለበት ሊስት። ከዚህ በላይ ማሰብ አያስፈልግም።

ሺት ላይ የማስቀምጠው ተቆልቋይ ዝርዝርስ ያው አይደለም?

አይደለም፤ ግራ መጋባቱም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኤክሴል ውስጥ ዝርዝር የሚባሉ አራት ነገሮች አሉ። አንደኛው ዳታ ቫሊዴሽን ነው፤ ሴሉ ላይ ቀስት ያወጣል፣ ማክሮ (በቪቢኤ የተጻፈ ኮድ) አይፈልግም፣ ፊደሉን ማጉላት ግን አይቻልም። ሁለተኛው ፎርም ኮንትሮል፣ ሦስተኛው አክቲቭኤክስ ኮንትሮል ይባላሉ፤ ሁለቱም ሺቱ ላይ የሚለጠፉ ናቸው። አራተኛው በዩዘርፎርም ላይ የሚቀመጠው ሲሆን፣ ይህ ጽሑፍ ስለ እሱ ነው።

ልዩነቱ በኮድ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ፎርም ኮንትሮሉ የመጀመሪያውን ምርጫ 1 ብሎ ይቆጥራል፤ ዩዘርፎርም ላይ ያለው 0 ብሎ ይጀምራል። አክቲቭኤክሱ ዝርዝሩን የሚቀበልበት ፕሮፐርቲ (የሳጥኑ ቅንብር) ሊስትፊልሬንጅ ይባላል፤ የዩዘርፎርሙ ሮውሶርስ። ከአንዱ የተቀዳ ኮድ ሌላው ላይ አልሠራ ካለ መጀመሪያ ይህን ይዩ። ቢሮው ውስጥ ማክ ኮምፒውተር ያለው ሰው ካለ ደግሞ አክቲቭኤክስን ከነጭራሹ ይተዉት፤ ማክ ላይ አይሠራም።

ዝርዝሩን በምን ልሙላው?

ሦስት መንገድ አለ። አመራረጡ ከዚህ በኋላ የሚገጥምዎትን ችግር ግማሹን ስለሚወስን እዚህ ላይ ቀስ ይበሉ።

የመጀመሪያው አድአይተም ነው። አንድ በአንድ ይጨምራል፤ ሉፕ (እየተደጋገመ የሚሠራ ኮድ) ውስጥ ሆኖ ሴል እያነበበ ሳጥኑ ውስጥ ይወረውራል። ለወር ስም፣ ለመለኪያ ዓይነት፣ ለአሥር ሃያ ነገር ይበቃል። ሺህ ረድፍ ሲሆን ይንፏቀቃል።

ሁለተኛው የሊስት ፕሮፐርቲ ነው። የሬንጁን (የሴሎቹን ክልል) ቫልዩ፣ ማለትም ይዘቱን፣ በአንድ ጊዜ ወስዶ ሳጥኑ ውስጥ ይገለብጣል፤ ሉፕ የለም፣ መጠበቅ የለም። ሳጥኑ የራሱ ቅጂ አለው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሺቱ ቢለወጥ ሳጥኑ አያውቅም፣ ሳጥኑ ውስጥ ቢሰረዝም ሺቱ አይነካም።

ሦስተኛው ሮውሶርስ ነው። ለሳጥኑ የሬንጁን አድራሻ በጽሑፍ ይሰጡታል፣ እሱም ከሺቱ በቀጥታ ያነባል። ቅጂ የለውም፤ ተበድሮ ነው የሚያሳየው። ያለ ኮድ ስለሚሠራና መማሪያ ቪዲዮዎች ሁሉ ከእሱ ስለሚጀምሩ ሰው ይወደዋል። እኔ አልወደውም። አድራሻው ውስጥ የሺቱን ስም ካልጠቀሱ በዚያ ሰዓት ፊት ለፊት ያለውን ሺት ያነባል፤ ትናንት ዕቃ ያሳየ ሳጥን ዛሬ የሠራተኛ ደመወዝ ሊያሳይ ይችላል። ደግሞ ፎርሙ ክፍት እያለ ኮድዎ ያንኑ ሬንጅ ሲያስተካክል፣ የሳጥኑ ኢቨንቶች (አንድ ነገር ሲሆን በራሳቸው የሚሠሩ ኮዶች) ሳይጠሩ ይነሳሉ፤ ኮዱ በገዛ ራሱ ላይ ይረማመዳል። ጥቅሙ አንድ ነው፤ እሱንም አምዶች ላይ እመለስበታለሁ።

የእኔ ልማድ ለትንሽ ዝርዝር አድአይተም፣ ለሌላው ሁሉ ሊስት ነው።

ዕቃው አንድ ብቻ ሲሆን ኤረር 381 ይላል። ትናንት በብዙ ዕቃ ይሠራ ነበር።

ሬንጁ ብዙ ሴል ሲሆን ቫልዩ የሚመልሰው አሬይ (ብዙ ዋጋ በአንድ ላይ የያዘ ስብስብ) ነው። አንድ ሴል ብቻ ሲሆን ግን አሬይ ሳይሆን አንዲት ዋጋ ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ሊስት ደግሞ ካለ አሬይ አይቀበልም። አዲስ ደንበኛ ፋይሉን ከፍቶ የመጀመሪያውን ዕቃ የመዘገበ ዕለት የሚወድቀው ለዚህ ነው፤ እርስዎ ሲሞክሩት ሁልጊዜ ሃምሳ ዕቃ ስላለ አያዩትም። ከመሙላትዎ በፊት የረድፉን ብዛት ይጠይቁ፦ 0 ከሆነ ክሊር (ሳጥኑን ባዶ የሚያደርገው ትእዛዝ) ብለው ይውጡ፣ 1 ከሆነና አምዱም አንድ ከሆነ በአድአይተም ይጨምሩ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ በሊስት።

አድአይተም ስል «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይላል። ፋይሉ ተቆልፎ ነው?

ፋይሉ ምንም አልሆነም። ኤረር 70 ነው፤ ሳጥኑ ሮውሶርስ ተሰጥቶታል ማለት ነው። የተበደረው ዝርዝር ላይ መጨመርም መቀነስም አይችልም። ኮዱ ውስጥ ባያገኙት የሳጥኑን የፕሮፐርቲ መስኮት ይክፈቱና ሮውሶርስ የሚለው ቦታ ላይ የተረሳ አድራሻ ካለ ያጥፉት። ክሊር ሲሉ የሚመጣው ትርጉም የለሽ ኤረርም አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ተጠቃሚው የመረጠውን እንዴት አውቃለሁ?

ሊስትኢንዴክስን ይጠይቁ። የመጀመሪያው ረድፍ 0፣ ሁለተኛው 1 እያለ ይሄዳል፤ ምንም ካልተመረጠ −1 ነው። ቫልዩን በቀጥታ የሚያነቡ ሰዎች ኤረር 94 ይገጥማቸዋል፤ ሊስትቦክስ ላይ ምንም ሳይመረጥ ቫልዩ ነል (ምንም ዋጋ የሌለው) ስለሆነና ነል ደግሞ የጽሑፍ ቫሪያብል (ኮዱ ዋጋ የሚይዝበት ስም) ውስጥ ስለማይገባ ነው። «መዝግብ» የሚለው ቁልፍ ሥር የመጀመሪያው መስመር «ሊስትኢንዴክስ −1 ከሆነ አስታውቅና ውጣ» የሚል ይሁን። ኮምቦቦክስ ላይም ይሠራል፦ ሰውዬው ከዝርዝሩ የሌለ ነገር በእጁ ከጻፈ ሊስትኢንዴክሱ −1 ነው።

የሌላ አምድ ዋጋ ከፈለጉ ሊስት ይበሉና በቅንፍ መጀመሪያ ረድፍ፣ ቀጥሎ አምድ ይስጡ። ኮለም የሚባለው ፕሮፐርቲ ያንኑ ይሠራል፤ ግን ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው፣ መጀመሪያ አምድ ቀጥሎ ረድፍ። ሁለቱን እያፈራረቁ አይጠቀሙ። አንዱን ይያዙ።

ሊስትኢንዴክስ ላይ 2 ደምሬ የሺቱን ረድፍ ባገኝ ምን ችግር አለው?

ለጊዜው ምንም። ርዕሱ ረድፍ 1 ላይ ነው፣ ዕቃው ከረድፍ 2 ይጀምራል፣ ሳጥኑ ከ0 ይቆጥራል፣ ስለዚህ 0 ሲደመር 2 ትክክል ይመጣል። እኔም እንዲህ ነበር ያደረግሁት፤ ሳምንታት ያለ ችግር ሠርቷል።

አንድ ቀን ባለሱቁ ፎርሙ ላይ መፈለጊያ እንድጨምርለት ጠየቀኝ፤ «ቆርቆሮ» ብሎ ሲጽፍ ቆርቆሮዎቹ ብቻ እንዲታዩ። ጨመርኩለት። ሳጥኑ ላይ አራት ረድፍ ቀረ። ሻጩ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ መረጠ፤ ሊስትኢንዴክሱ 0፣ ሲደመር 2። ሺቱ ላይ ረድፍ 2 ላይ የነበረው ሚስማር ነው። ቆርቆሮ በተሸጠ ቁጥር ከሚስማሩ ሲቀነስ ሰነበተ። የታወቀው ዕቃ ቆጠራ ላይ ነው። መጋዘን ጠባቂው ተጠርጥሮ ነበር፤ እስካሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ተራ ቁጥር ዕቃውን አይገልጽም፤ ሳጥኑ ውስጥ የቆመበትን ቦታ ብቻ ነው የሚናገረው። ዝርዝሩ ሲጣራ፣ ሲደረደር፣ አንዱ ሲሰረዝ ቦታው ይቀየራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ መለያ ኮድ ይኑረው፤ ያ ኮድም ከስሙ ጋር ሳጥኑ ውስጥ ይግባ፣ ግን አይታይ። ኮለምካውንት 2 ያድርጉ። ኮለምዊድዝስ ላይ የመጀመሪያውን አምድ 0፣ ሁለተኛውን 150 ይበሉ፤ ወርዱ 0 የሆነ አምድ ይደበቃል። ባውንድኮለም 1 ከሆነ፣ ሳጥኑ ላይ የሚታየው «ቆርቆሮ» ሆኖ ሳለ ቫልዩ የሚመልሰው የተደበቀውን ኮድ ነው። ሺቱ ላይ ረድፉን የሚፈልጉት በዚያ ኮድ ነው፣ በማች ወይም በፋይንድ።

እዚህ ላይ አንዲት ጉድጓድ አለች። በአድአይተም የገባ ነገር ጽሑፍ ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ሺቱ ላይ ያለው 105 ደግሞ ቁጥር ከሆነ ማች አይተዋወቁም ይልዎታል። ወይ በሲሎንግ ወደ ቁጥር ይመልሱት፣ ወይ ከመጀመሪያው መለያዎቹን ፊደል የተቀላቀለባቸው ያድርጓቸው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ከፊታቸው ዜሮ ያላቸው ኮዶችም አይበላሹም።

የአምዶቹ ርዕስ ለምን አይታይም?

ኮለምሄድስ ትሩ (እውነት) ቢሉትም ባዶ መስመር ብቻ ይመጣል። ርዕስ የሚያሳየው በሮውሶርስ ሲሞላ ብቻ ስለሆነ ነው፤ ያኔ ከሬንጁ በላይ ያለውን ረድፍ አንብቦ ርዕስ ያደርገዋል። ቀደም ብዬ ያልኩት የሮውሶርስ ጥቅም ይህ ነው። በሊስት ወይም በአድአይተም ከሞሉ ሳጥኑ አናት ላይ ሌብሎች ደርድረው «የዕቃው ስም»፣ «ዋጋ»፣ «ቀሪ» ብለው ይጻፉባቸው። ከተሠራው ርዕስ ይልቅ ይኸኛው ያምራል፣ ፊደሉንም እንደፈለጉ ያደርጉታል።

የአምድ ብዛት ላይም ገደብ አለ። በአድአይተም ሲሞላ ከ10 አምድ ማለፍ አይቻልም። ከዚያ በላይ ከፈለጉ አሬይ አዘጋጅተው በሊስት ይስጡት። ያም ሆኖ ሳጥን ውስጥ 10 አምድ ያስፈለገው ሰው የሚፈልገው ሳጥን ሳይሆን ሺቱን ራሱን ይመስለኛል።

ብዙ መርጦ በአንድ ጊዜ መሰረዝ ይቻላል?

ይቻላል። መልቲሴሌክት ሦስት ደረጃ አለው፦ 0 አንድ ብቻ፣ 1 በየጠቅታው ምርጫው የሚበራና የሚጠፋ፣ 2 በሺፍትና በኮንትሮል ቁልፍ የሚመረጥ። ኮምፒውተር ብዙ ለማይነካ ተጠቃሚ 1ን ይስጡት፤ ሊስትስታይልን ደግሞ 1 ያድርጉ፣ በየረድፉ ፊት ምልክት የሚደረግባት ትንሽ ሳጥን ትመጣለች። ምን እንደተመረጠ ማስረዳት አያስፈልግም።

ብዙ መምረጥ ሲፈቀድ ግን ቫልዩ ሁልጊዜ ነል ነው፤ ሊስትኢንዴክስም የሚነግረው የተመረጠውን ሳይሆን ጠቋሚው ያረፈበትን ረድፍ ነው። ስለዚህ ከ0 እስከ ሊስትካውንት (የረድፎቹ ብዛት) ሲቀነስ 1 እየሄዱ እያንዳንዱን ረድፍ ሴሌክትድ ነህ ወይ ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

ሲሰርዙ ከታች ወደ ላይ ይሂዱ። ሉፑ ከሊስትካውንት ሲቀነስ 1 ተነስቶ ወደ 0 በስቴፕ −1 ይውረድ። ከላይ ከጀመሩ ረድፍ 3 ሲሰረዝ የነበረው ረድፍ 4 ወደ 3 ይወጣል፣ ሉፕዎ ግን ወደ 4 አልፏል፤ አንዱ ሳይነካ ይቀራል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሉፑ የሌለ ረድፍ ጠይቆ ይወድቃል። በሰልፍ ላይ ከፊት ሰው ሲወጣ ሁሉም አንድ እርምጃ እንደሚጠጋ ነው።

አማርኛ ስጽፍ ጥያቄ ምልክት ብቻ ይሆናል። ፎንት ላውርድ?

ፎንት ቢያወርዱም አይድንም። የቪቢኤ ኤዲተር ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠውን ሥርዓት) አያውቅም፤ ዊንዶውስ በሚሠራበት የድሮ ባለ 8 ቢት የፊደል ሰንጠረዥ ነው የሚጽፈው። ዓረብኛና ሩሲያኛ የራሳቸው ሰንጠረዥ፣ 1256 እና 1251፣ ስላላቸው የዊንዶውስን የሲስተም ቋንቋ በመቀየር ይድናሉ። ዱባይ ወይም ሪያድ ያለ ጓደኛዎ «እኔ ጋ ዓረብኛው ይሠራል» ቢልዎት እውነቱን ነው። የግዕዝ ፊደል ግን እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ተሠርቶለት አያውቅም፤ ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ከስሪት 3.0 ጋር ነው፤ በዊንዶውስ ላይም የሚሠራው በዩኒኮድ ብቻ ነው።

ደስ የሚለው ግን ችግሩ የኤዲተሩ ብቻ መሆኑ ነው። ሊስትቦክስ፣ ኮምቦቦክስ፣ ቴክስትቦክስና ሌብል ራሳቸው ዩኒኮድ ያነባሉ። ስለዚህ አማርኛውን ኮድ ውስጥ አይጻፉት፤ ሺት ላይ ይጻፉትና ኮዱ ከሴል ያንብበው። እኔ በየፋይሉ አንድ የተደበቀ ሺት አለኝ፤ የሌብሎቹ ጽሑፍ፣ የቁልፎቹ ስም፣ የወራቱ ስም፣ የስህተት መልእክቱ ሁሉ እዚያ ተደርድሯል። ፎርሙ ሲነሳ ሁሉም ከዚያ ይሞላል። ለአንድ ሁለት ፊደል ከሆነ ቁጥሩን ለሲኤችአርደብልዩ መስጠትም ይቻላል፤ 4768 «አ» ነው። ዓረፍተ ነገር በቁጥር መጻፍ ግን የእብድ ሥራ ነው።

የሺቱ ትር ስም አማርኛ ከሆነ ኮድ ውስጥ ሊጠሩት አይችሉም። ኤዲተሩ ላይ በግራ በኩል ሁለት ስም ያያሉ፤ በቅንፍ ያለው የትሩ ስም ነው፣ ከቅንፍ ውጪ ያለው የኮድ ስሙ። በኮድ ስሙ ይጥሩት። ተጠቃሚው ነገ የትሩን ስም ቢቀይርም ኮዱ አይሰበርም።

ሁለት ቦታ ብቻ እስከ መጨረሻው ያስቸግራሉ። መልእክት የሚያወጣው ኤምኤስጂቦክስ አማርኛውን ከሴል ቢያነብም ጥያቄ ምልክት ያደርገዋል፤ በእሱ ፋንታ አንድ ሌብልና አንድ «እሺ» ቁልፍ ያላት ትንሽ ፎርም ይሥሩ። የዩዘርፎርሙ የራስጌ ርዕስም እንዲሁ ነው። እሱን ባዶ ትቼ ከውስጥ በሌብል ነው የምጽፈው።

ስለ ፎንት ከተነሳ ሳጥኑ ላይ ኒያላ ወይም ኤብሪማ ይምረጡ፣ መጠኑንም ከፍ ያድርጉት፤ ኮንትሮሎቹ ይዘውት የሚመጡት 8 ነጥብ ለላቲን ይሁን እንጂ ለእኛ ፊደል ዓይን ያደክማል። ዝርዝሩ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ወይም ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ከሆነ ግን መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ያስቀይሩት። እነዚያ ፎንቶች ላቲን ፊደል ላይ የግዕዝ መልክ ያለበሱ ናቸው፤ ፎንቱን ቢመልሱለት ይታያል፣ ፍለጋውና አደራደሩ ግን ትርጉም አይኖረውም።

«ፀሐይ» ብዬ ስፈልግ «ጸሃይ» ተብሎ የተመዘገበው አይመጣም።

አይመጣም፤ ለኮምፒውተሩ ሁለቱ የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ፤ ሠናይት፣ ሰናይት፤ ዓለሙ፣ አለሙ። የደንበኛ ስም ያለበት ፎርም የሚሠራ ሰው ይህን ካላሰበበት አንዱን ደንበኛ ሦስት ጊዜ ይመዘግባል፣ ዱቤውም በሦስት ይከፈላል።

መፍትሔው የሚፈለገውንና የተመዘገበውን ሁለቱንም ለማነጻጸሪያ ብቻ ወደ አንድ ወገን ማምጣት ነው። የፊደሉ ቁጥር በኤኤስሲደብልዩ ይገኛል፣ ቀሪው ሂሳብ ነው። ከ4624 እስከ 4630 ያለው የ«ሐ» ቤት ነው፤ 16 ሲቀነስ «ሀ» ይሆናል። ከ4736 እስከ 4742 «ኀ» ነው፤ 128 ይቀነስ። ከ4640 እስከ 4646 «ሠ» ነው፤ 16 ይደመርና «ሰ» ይሁን። ከ4816 እስከ 4822 «ዐ» ነው፤ 48 ይቀነስና «አ» ይሁን። ከ4928 እስከ 4934 «ፀ» ነው፤ 8 ይቀነስና «ጸ» ይሁን። በመጨረሻ «ሃ» 4611ን ወደ 4608፣ «ኣ» 4771ን ወደ 4768 ይመልሱ፤ በአማርኛ የእነዚህ ፊደሎች ግዕዙና ራብዑ አንድ ድምፅ ስለሆኑ። ሺቱ ላይ ያለውን የሰውየውን ስም ግን አይንኩ። ሰው ስሙን በመረጠው ፊደል የመጻፍ መብት አለው፤ ይህ ማለስለሻ ለፍለጋ ብቻ ነው።

ከዚያ የቴክስትቦክሱ ቼንጅ ኢቨንት ውስጥ ሳጥኑን ክሊር ያድርጉ፣ ዕቃዎቹን ወይም ስሞቹን በሙሉ ከያዘው አሬይ እያነበቡ ኢንስትሪንግ (ጽሑፍ ውስጥ ቃል የሚፈልገው ትእዛዝ) ያገኘውን ብቻ ይጨምሩ። በየፊደሉ ሺቱን አያንብቡ፤ ፎርሙ ሲነሳ አንድ ጊዜ ወደ አሬይ ይውሰዱት። ማነጻጸሪያው ባይነሪ (በፊደሉ ቁጥር የሚያነጻጽረው) ይሁን፤ እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለን የቴክስቱ ለአማርኛ አይጠቅምም። በፊደል ቅደም ተከተል መደርደር ከፈለጉም በዚያው ቁጥር ይሂዱ፤ ዩኒኮድ ፊደላቱን ያስቀመጠው በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ሥርዓት ነው።

ወር ሲመረጥ ቀኖቹ እንዲለወጡ እፈልጋለሁ፤ ጳጉሜን ላይ 30 እንዳይመጣ።

ሁለት ኮምቦ ያስፈልጋል። የወሩ ኮምቦ 13 ወራት ከሺቱ ይሞላል። ቼንጅ ኢቨንቱ ውስጥ የቀኑን ኮምቦ ክሊር ያድርጉና እንደገና ይሙሉ፦ ሊስትኢንዴክሱ ከ12 በታች ከሆነ እስከ 30፣ 12 ከሆነ ጳጉሜን ነው። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ጳጉሜን 6 ናት፤ ዘመነ ሉቃስ ማለት ነው፣ ለምሳሌ 2015። አለዚያ 5።

ሁለት ነገር ያደናቅፋል። ተጠቃሚው 28 መርጦ ሳለ ወሩን ወደ ጳጉሜን ቢቀይር፣ እርስዎም «የነበረውን ቀን ልመልስለት» ብለው ሊስትኢንዴክስን 27 ቢሉት ኤረር 380 ይመጣል፤ እንዲህ ያለ ረድፍ የለማ። ከሊስትካውንት ጋር ሳያነጻጽሩ አይስጡ። ሁለተኛው የቀኑ ኮምቦ ራሱ ቼንጅ ኢቨንት ካለው፣ እርስዎ በኮድ ሲያጸዱትና ሲሞሉትም ይነሳል። ብዙ ሰው አፕሊኬሽን ኢኔብልኢቨንትስን ፎልስ በማድረግ ሊያስቆመው ይሞክራል። አይቆምም፤ ያ ትእዛዝ ለሺትና ለፋይል ኢቨንቶች እንጂ በዩዘርፎርም ላይ ላሉ ኮንትሮሎች አይሠራም። ፎርሙ ኮድ አናት ላይ አንድ የቡሊያን ቫሪያብል (ትሩ ወይም ፎልስ፣ ማለትም እውነት ወይም ሐሰት ብቻ የሚይዝ) ያስቀምጡ፤ ኮዱ ሲሞላ ትሩ ይሁን፣ ሲጨርስ ፎልስ። ኢቨንቱ መጀመሪያ እሱን አይቶ ትሩ ከሆነ ዝም ብሎ ይውጣ።

ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ የሚያስመርጡ ፎርሞችም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠሩት።

ቀን ስመርጥ 45658 የሚል ቁጥር ይመጣል።

ኮምቦው በሮውሶርስ ተሞልቷል። ሲወርድ የሴሉን መልክ ያሳያል፤ ሲመረጥ ግን ኤክሴል ቀኑን በውስጡ የሚይዝበትን ቁጥር ያወጣል። 45658 ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ነው። ቀኖቹን በፎርማት ወደ ጽሑፍ ቀይረው በአድአይተም ይሙሏቸው።

ተጠቃሚው ከዝርዝሩ ውጪ እንዳይጽፍ እንዴት ልከልክለው?

የኮምቦውን ስታይል 2 ያድርጉት። መጻፍ አይቻልም፤ ፊደል ሲነካ በዚያ ፊደል ወደሚጀምረው ይዘላል። ማችሪኳየርድ የሚባል ሌላ መንገድም አለ፤ ሰውየው መጻፍ ይችላል፣ ሊወጣ ሲል ግን ኤክሴል ራሱ በእንግሊዝኛ ይገሥጸዋል። የተጨነቀ ሻጭ ፊት የማይገባ መልእክት ማውጣት ምን ይጠቅማል? ስታይል 2 ይሻላል።

ፎርሙን በከፈትኩ ቁጥር ዝርዝሩ ይደጋገማል።

መሙያውን አክቲቬት ውስጥ አስቀምጠውታል፣ ፎርሙንም የሚዘጉት በሃይድ ነው። ሃይድ ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ተመልሶ ሲታይ አክቲቬት እንደገና ይሠራና በነበረው ላይ ይጨምራል። መሙያውን ኢኒሻላይዝ ውስጥ ያድርጉት፤ ፎርሙ ሲወለድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው። ወይም ከመሙላትዎ በፊት ክሊር ይበሉ። በአንሎድ ከዘጉት ደግሞ በሚቀጥለው ሲከፈት ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል፤ የተመረጠው ነገር እንዲቆይ ከፈለጉ ይህ አይሆንዎትም።

እኔ ጋ ይሠራል፤ ለሌላ ሰው ስልከው ፎርሙ አይከፈትም።

መጀመሪያ የፋይሉን ዓይነት ይዩ። በተለመደው ኤክስኤልኤስኤክስ ከተቀመጠ ማክሮው ተጥሏል፤ ኤክስኤልኤስኤም መሆን አለበት። ዓይነቱ ትክክል ከሆነ ደግሞ ማይክሮሶፍት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢንተርኔት የመጣ ፋይል ላይ ያለን ማክሮ በራሱ እንዲዘጋ አድርጓል፤ ቀይ ማስጠንቀቂያ ይወጣል፣ የማስነሻ ቁልፉም አብሮት የለም። ተቀባዩ ፋይሉን ይዝጋ፣ ፋይሉ ላይ በቀኝ ጠቅ ብሎ ፕሮፐርቲስ ይክፈት፣ ከታች አንብሎክ የሚለው ላይ ምልክት ያድርግና አፕላይ ይበል። ከዚያ ሲከፍተው የተለመደው ቢጫ መስመር ይመጣል። ይህን ግን የሚያደርገው ላኪውን አውቆ ከሆነ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ፋይሉን ሲልኩ ደውለው ይንገሩት።